መስመር የሚጠየቅበት ግቢ

በእግዚአብሔር ቸርነት ሄጄ በሰላም ተመልሻለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ያየሽውን ጻፊልን» ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። እዚህ ጋምቤላ ካለነው መካከል አዲስ አበባን ያየ ሰው ቢኖር እንኳ ለሐኪም ወይም ለቢሮ ጉዳይ ሄዶ ነው፤ አቃቂ ድረስ የሚያስኬድ ጉዳይ ያለው የለም። እኔም ባይቸግረኝ ኖሮ አልሄድም ነበር።

የቸገረኝ ምን መሰላችሁ፤ ለኅዳር ሚካኤል የሚሰቀለውን የመቅደስ መጋረጃ እንድሠራ ደብሩ አዞኝ ነበር። ጨርቁ ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ በወርቅማ ክር ሐረግ፣ መሃሉ ላይ ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል። ሐረጉን ክረምቱን ሙሉ ስጠልፍ ከርሜ ጨረስኩ። መሃሉ ግን ባዶውን ቀረ። ምክንያቱ ስልኬ ነው። ስልክ ለኔ ዘፈንና ሐሜት አይደለም፤ አምላክ ያውቃል። ፌስቡክ ስከፍት የሚመጣልኝ የቅዱሳን ሥዕል ነው። ከሥሩ «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» የሚል አለበት። እንዴት ብዬ ልለፍ? አሜን ብዬ እጽፋለሁ። ቀጥሎ የእመቤታችን ሥዕል ይመጣል፤ ለሚካኤል አሜን ብዬ ለእሷ ዝም ብል ምን ይባላል? አሜን። የታመመ ሕፃን ይመጣል፤ አሜን። የማላውቀው ሰው አዲስ ሚኒባስ ገዝቶ «ለዚህ ያበቃኝ ጌታ ይመስገን» ይላል፤ ለሱም አሜን። ቀና ስል መርፌዬ ከነክሩ ቀሚሴ ላይ እንደተሰካ ፀሐይዋ ጠልቃ አገኛታለሁ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሰሙኝና «አሜን ማለትሽ መልካም፤ መጋረጃው የታለ?» አሉኝ።

«አልደረሰም አባ።»

«በዓሉ ሳይደርስብን ከስልክሽ የምትርቂበት ቦታ ሂጂና ጨርሰሽው ነይ።»

«ወደ ገዳም ልሂድ?»

«ገዳሙም ኔትወርክ ገብቶለታል» አሉኝ፣ አዝነው።

አቃቂ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ፤ አልማዝ ትባላለች። ደውዬ ብነግራት «ወደኛ ነይ ጥሩዬ፤ እኛ ግቢ እንደልብ ኢንተርኔት መክፈት የለም» አለች። ኔትወርክ የማይደርስበት ሰፈር መስሎኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሰኞና ማክሰኞ፣ መንገድ

ከጋምቤላ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። መጋረጃውን በነጭ አንሶላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አጋደምኩት፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ የመቅደስ መጋረጃ አይጫንም። ረዳቱ መጣና «እናት፣ ልጁ ትኬት አለው?» አለኝ።

«ልጅ አይደለም፤ መጋረጃ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ የሚታቀፈው?»

የሚካኤል መጋረጃ መሆኑን ስነግረው ደነገጠና እጁን ከወንበሩ አነሣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬም ሰማ። ጉልበቱ እንዳይነካው ብሎ ወደ መተላለፊያው ዞረ። እሱ ሲዞር ከማዶ ያለው ተገፋ፤ ከማዶ ያለው ሲገፋ የመስኮቱ ሰው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ጎሬ አቀበት እስክንደርስ ያ ረድፍ ሙሉው ጎባጣ ሆኖ ተጓዘ። «ኧረ ግድ የለም፣ እንደልባችሁ ተቀመጡ» ብላቸው ማን ይስማኝ።

ጎሬ ላይ ብርዱ ተቀበለን። ጋምቤላ በላብ ተጠምቄ የወጣሁ ሴትዮ ጋቢ አውጥቼ ተከናነብኩ። መቱ ላይ ቁርስ በላን፤ ማታ በደሌ አደርን። ያደርኩበት ቤት አንሶላው ንጹሕ ነው፤ በሩ ግን መቆለፊያ የለውም። ባለቤቷ ደግ ሴት ናት፤ መጋረጃ ይዤ መምጣቴን ስትሰማ «እኔ እያለሁ ማንም አይደፍርሽም» ብላ ጆንያ ሙሉ በቆሎ እየጎተተች አምጥታ በሩ ላይ ደገፈችው። የደገፈችው ግን ከውጭ ነው። ንጋት ላይ ሹፌሩ ክላክስ ሲነፋ በሩን ብገፋ፣ ብገፋ፣ ንቅንቅ የለም። ሴትዮዋ ለካ ቅዳሴ ሄዳለች። በስንት ጩኸት ሁለት ተሳፋሪዎች መጥተው በቆሎውን አነሡልኝ። አልተቀየምኳትም፤ ማንም እንዳልደፈረኝ እውነት ነው።

አዲስ አበባ ማክሰኞ አመሻሽ ገባን። ከዚያ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ደግሞ ሌላ ታክሲ። እኛ ጋ መንገድ ላይ ያልተዋወቀም ሰው ሰላምታ ይሰጣጣል፤ ሳሪስ ላይ «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሁሉም ዞሮ አየኝና አንዱ «የሚሸጥ ነገር ይዘሻል?» አለኝ። ቃሊቲን ስናልፍ የጭነት መኪናው ብዛት፣ የአዲሱ ባቡር ቁፋሮ አቧራ! አሮጌው ባቡር ቆሟል፤ አዲሱ ገና ሥራ አልጀመረም። አልማዝ አቃቂ በሰቃ ላይ ተቀበለችኝ። ቂሊንጦ ካለ ፋብሪካ በሰርቪስ መውረዷ ነበር፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ተቃቅፈን ጉንጭ ለጉንጭ ከተሳሳምን በኋላ ወደ ግቢያቸው ወሰደችኝ።

ግቢው በድሮ ጊዜ ለባቡር ሠራተኞች የተሠራ ነው፤ የድንጋይ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፤ መሃል ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ አለ። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል።

«ምንድነው? የሞተ ሰው አለ?» አልኳት።

«የለም፤ መስመሩ ተይዞ ነው» አለችኝና እጇን ዘረጋች። «ስልክሽን አምጪ።»

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመስኩም፤ እዚያ ግቢ ደግሞ ከምግቡ ጾም የስልኩ ጾም እንደሚብስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀይ ባንዲራው የተሰቀለበት ቤት የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን በሙሉ የባቡር ጣቢያ ሹም የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ የሠፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ሪዛቸው እንደ ብሩሽ የቆመ ነው፤ የባቡር ቆባቸውን ውሃ ሲቀዱ እንኳ አያወልቁም። ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ራሳቸው ነገሩኝ።

«አንድ ወዳጃችን አረፈና ድንኳን ተከልን» አሉ። «እድርተኛው በሙሉ ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል። ሐዘን መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ለካ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። አስከሬኑ ወጣ። ዘመድ ወጣ። ካህናቱ ወጡ። አንድም እድርተኛ ቀና ያለ የለም። ሟች ያለ እድር ተቀበረ፤ እነሱ ቀባሪው ሲመለስ 'መቼ ነው የምንነሣው?' ብለው ጠየቁት!»

«ኧረ በስመ አብ!» አልኩ።

«ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። ሐዲድ አንድ ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ከለቀቅሽ ሰው ያልቃል። ኢንተርኔትም እንደዚያው ነው።»

ሕጉ ይህ ነው። የግቢው ሰው ስልክ በሙሉ ከጋሽ ደምሴ ቤት፣ ከጣቢያ ያመጡት የትኬት ቁምሳጥን ውስጥ ይውላል። ጥሪ ከመጣ ስሙን ጠርተው ያቀብላሉ፤ «ድምፅ እግረኛ ነው፣ ሐዲድ አይነካም» ይላሉ። ኢንተርኔት መግባት የፈለገ ግን ቀርቦ መስመር ይጠይቃል። መስመሩ ነፃ ከሆነ አረንጓዴ ባንዲራ ይሰጡታል፤ በራቸው ላይ ቀዩን ይሰቅላሉ። እሳቸው እስከ ውሃ ቧንቧው ሄደው እስኪመለሱ ነው ጊዜው። ሲመለሱ ፊሽካ ይነፋሉ፤ አረንጓዴዋ ከነስልኩ ትመለሳለች። ያለ ባንዲራ የገባ ከእድሩ ይወጣል። ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ማን እንደሚያነሣው እንጃለት፤ ስለዚህ ማንም አይሞክረውም።

እዚያው እንደ ቆምኩ እትዬ በላይነሽ የምትባል ጎረቤት መጣች። ደልደል ያለች፣ ከኔ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጥ፣ ጥልፍ አዋቂ ሴት ናት።

«መስመር» አለች።

«ወዴት?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ፌስቡክ።»

«የት ትወርጃለሽ?»

«የእህቴ ልጅ ክርስትና ፎቶ ላይ።»

«አይተሽ ቀጥታ ትመለሻለሽ። መንገድ ላይ መውረድ የለም። ባለፈው የት ነው ያገኘሁሽ?»

እትዬ በላይነሽ አፈረች። «የዱባይ ወርቅ ቤት» አለች።

«አቃቂ ተሳፍራ ዱባይ!» አሉኝ ወደኔ ዞረው። «እንዲህ ያለ መንገደኛ ነው ያለኝ።»

እኔም ሳላስበው «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ አሜን ማለት ብቻ ነው የምፈልገው» አልኳቸው።

«ስንት ቦታ?»

«እሱን እንጃ። እስኪያልቅ ነው።»

አዘኑልኝ መሰለኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ መድረሻ የሌለው ባቡር አይነሣም» አሉኝ። ወደ አልማዝ ቤት ተመልሼ መርፌዬን አነሣሁ። ያን ቀን አንድ ፊት ሙሉ፣ ከነአክሊሉ፣ ሳልነሣ ጠለፍኩ። ፊቱን ከልቤ አውቀዋለሁ፤ ለክንፉና ለልብሱ ግን ደብራችን የመረጠው ሥዕል አለ፤ ዲያቆናችን በስልክ እልክልሻለሁ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት መስመር ጠየቅሁ። «ወዴት?» «ቫይበር።» «የት ትወርጃለሽ?» «ዲያቆኑ የላከው ሥዕል ላይ።» ጋሽ ደምሴ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መድረሻ ሰምተው አያውቁም፤ ቆባቸውን ነካ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። አረንጓዴዋን ያዝኩ። እሳቸው እጃቸውን ኋላ አጣምረው ወደ ቧንቧው ጉዞ ጀመሩ።

የአቃቂ ኔትወርክ ከኛውም የባሰ ነው። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች፣ መጋረጃ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ፣ ክር ክር እያለ መጣ። አክሊሉ መጣ። ፊቱ መጣ። ሰይፉ፣ ሁለቱ ክንፎች፣ ደረቱ፣ መታጠቂያው። ወገቡ ላይ ሲደርስ ፊሽካው ተነፋ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ግማሹ ቀርቷል!»

«ግማሹን ነገ ትመጪበታለሽ።»

«መልአክ እኮ ነው!»

«እኔ ደግሞ ለሚኒስትር ባቡር አላስጠበቅሁም» አሉና ስልኩን ተቀበሉኝ። ያየሁት እንዳይጠፋኝ ሮጬ ወረቀት ላይ በእርሳስ አወጣሁት። እስከ ማታ አንዱን ክንፍ ጨረስኩ። ጋምቤላ ብሆን ያን ያህል ሥራ ወር አይፈጀኝም ትላላችሁ?

ዓርብ

በግቢው በር ጎን ሱቅ ያለው ሸምሱ የሚባል የስልጤ ልጅ አለ፤ ቀልደኛ፣ ሰው አክባሪ ነው። ዓርብ ጠዋት እኔ ተራዬን ልይዝ ስመጣ እሱ ቀድሞኝ ቆሟል።

«ወዴት?» አሉት።

«ቫይበር። ወንድሜ የሠርግ ጥሪ ልኮልኛል፤ ቀኑን አይቼ መመለስ ነው።»

አረንጓዴዋን ሰጡት። ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ፊሽካ ነፉ። ሸምሱ የለም። ሱቁ ተዘግቷል። በሩ ላይ የነበሩ ልጆች ነገሩን፤ ለካ ጥሪውን ከፍቶ ሲያየው ሠርጉ ነገ ነው! እንደ ቆመ ታክሲ ውስጥ ዘሎ ገብቷል፤ ስልኩ በእጁ፣ አረንጓዴዋ ባንዲራ በኪሱ። ሲደወልለት «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም» ይላል።

«እንግዲህ መስመሩ ነፃ ነው፤ እኔ ልግባ» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ አዩኝ፤ አስተያየታቸው ራሱ አስደነገጠኝ። «ሸምሱ መቼ ወረደ?»

«ሸምሱማ ስልጤ ገብቷል!»

«ስልጤም ይግባ ወራቤ፣ ባንዲራዬ ካልተመለሰች ባቡሬ ሐዲድ ላይ ነው።»

አልማዝ ከሐሙስ ወዲህ ወደ ሌሊት ተራ ስለተዛወረች ቤት ነበረች፤ «ጋሽዬ፣ ይቺ ልጅ በዓል ደርሶባታል» ብላ ለመነችልኝ። እኔም «ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፤ ሌላ አረንጓዴ ባንዲራ አሁኑኑ ልስፋልዎ» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። «ሁለት አረንጓዴ? በአንድ ሐዲድ? ሰው ልትፈጂ ነው?»

ለዲያቆኑ ደወልኩ፤ ድምፅ እግረኛ ነውና ተፈቀደልኝ። «ዲያቆን፣ ከወገቡ በታች ምንድነው ያለው?» አልኩት። «ያው እንደተለመደው ነው እትዬ» አለኝና መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ እሱም አልተገኘም።

ቅዳሜ

ሁለተኛ ቀን መስመር የለም። ግቢው ሥራ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም። በርበሬ ለዓመታት የሚበቃ ተቀነጠሰ። የታጠበ ልብስ እንደገና ታጠበ። ወንዶቹ የግቢውን በር አረንጓዴ ቀቡት፤ ቀለም ሲተርፋቸው የውሃ ቧንቧውን ቀቡ፤ ከዚያም የአበባ ጣሳዎቹን፣ ከዚያም ቆሞ የተገኘውን ሁሉ። ዶሮዎቹ ነገሩን አይተው ከግቢው ወጡ። አንዱ ጎረቤት ሚስቱን ቀና ብሎ አያትና «አርግዘሻል እንዴ?» አላት፤ እሷም «ሰባት ወር ሞላኝ፤ እንኳን ደስ አለህ» አለችው።

ሥራ ያለቀባቸው ሴቶች በየተራ እኔ ጋ መጡ። መጋረጃውን ሲያዩ እጃቸውን በላቸው። የመቅደስ ነገር ስለሆነ ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር፤ ግን በዓሉ ደርሷል፣ እጄ አንድ ነው። እጃቸውን አስታጥቤ፣ አባታችን ሆይ አስብዬ፣ መወጠሪያውን ከብበን ተቀመጥን። ሁለተኛው ክንፍ በጥቂት ሰዓት አለቀ። ሰይፉ አለቀ። ወገቡ ላይ ደረስንና ቆምን።

«ከዚህ በታችስ?» አለች አልማዝ።

«እግር ነዋ» አለች እትዬ በላይነሽ።

«ምን ያደረገ እግር?»

እንዲህ ተጀመረ። እኔ «ባዶ እግሩን ነው፤ ሙሴ በተቀደሰ ቦታ ጫማህን አውልቅ ተብሏል» አልኩ። እትዬ በላይነሽ «ሙሴ ሰው ነው፤ የታዘዘውም እሱ ነው። መልአክ ምን ቤት?» አለች። ከበር ሆነው የሚሰሙት ጋሽ ደምሴ ደግሞ «ሥራ ላይ ያለ ሰው ቦቲ ጫማ ያደርጋል» አሉ። «የሚረግጠው ሰይጣን ነው፤ በነጠላ ጫማ ይረገጣል?»

«እርስዎ መስመሩን ይክፈቱልንና አይተን እንረፍ!» አለቻቸው እትዬ በላይነሽ።

«ሸምሱ ይምጣ።»

«ሸምሱ ሚስት አግብቶ ሊመጣ ነው እኮ!»

«ሁለት ሆኖም ቢመጣ ባንዲራዋ አንድ ናት።»

እሳቸው ሲሄዱ እትዬ በላይነሽ ከኋላቸው አየቻቸውና ክሯን በጥርሷ በጠሰች። ነጠላ ጫማ ይሁን ተባለ። ከጫማው በታች ሰይጣን መኖሩን ግን ማንም አልተከራከረም፤ የሚካኤል ሥዕል ያለ ሰይጣን አይተን አናውቅም። ሰይጣኑን እትዬ በላይነሽ ልሥራ አለች። እጇን ስለማምነው ሰጠኋት።

እሑድ

ሰንበት ነው፤ መርፌ አልተነካም። አልማዝ ከሌሊት ሥራዋ መጥታ ሳትተኛ ቅዳሴ ወሰደችኝ። ከኛ ደብር ጋር ሲነጻጸር ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ማንጎ ዛፍ የለም፣ ጥላው ባሕር ዛፍ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ከእግር ጣት ይጀምራል። ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። «ቆላ የኖረ ሰው ነሽ» አሉኝ፤ እሳቸው ያቺን ቆባቸውን ደጁ ላይ አውልቀው በሸሚዝ ቆሙ። ከሰዓት በኋላም የግቢው ሰው ሁሉ በየተራ ምሳ ጠራኝ፤ እምቢ ማለት ስለማላውቅ አራት ቤት በላሁ።

ሰኞ

እኔ የልብሱን እጥፋት ስጠልፍ፣ እትዬ በላይነሽ በመወጠሪያው ታችኛ ጫፍ ተደፍታ ስትሠራ ዋለች። የሠራሁት እንዳይቆሽሽ ብላ በነጭ ጨርቅ ሸፍናዋለች። አልፎ አልፎ ብቻዋን ትስቃለች። የጸሎት ደስታ መሰለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸምሱ መጣ። በአንድ እጁ ከሠርጉ የተላከ ማር፣ በሌላው አረንጓዴዋ ባንዲራ። ግቢው በእልልታ ተቀበለው።

«ባንዲራ ተመልሷል» አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

«ለምን ዘገየህ?» አሉት ጋሽ ደምሴ።

«ሙሽራዋ ዘገየች።»

ይህ በባቡር ሕግ የሚያስቀጣ አልነበረም መሰለኝ፤ ባንዲራዋን ተቀብለው ቀዩን አወረዱ። ሰልፉ እስከ ቧንቧው ደረሰ፤ ግን ሁሉም «እንግዳዋ ትቅደም» አሉ። ስልኬን ይዤ ቆምኩ። ሴቶቹ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርተው ያያሉ። ሥዕሉ ወረደ፤ ወገቡ መጣ፤ ከዚያ በታች...

ደመና ነበር። ከወገቡ በታች እስከ ጠርዙ ድረስ ነጭ ደመና። እግር የለ። ጫማ የለ። ሰይጣንም የለ።

ሸምሱ አንገቱን አስግጎ «በዚህ ነው የተጣላችሁት?» አለ።

ማክሰኞ

እግሩንና ሰይጣኑን እፈታዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ከፋይ ጨርቅ ነው፤ ሲፈታ መርፌ የገባበት ቦታ ቀዳዳው ይታያል። ይሁን ብዬ ጠርዙን ጨረስኩና ነጩን ጨርቅ ገለጥኩት።

መልአኩ ያምራል። ክንፉ ያምራል። ከነጠላ ጫማው ሥር የተኛው ሰይጣን ደግሞ ሪዙ እንደ ብሩሽ የቆመ ነው። ራሱ ላይ የባቡር ቆብ አለው።

«እትዬ በላይነሽ!» አልኩ።

«እጄ ነው» አለች። «እኔ አላሰብኩትም፤ ተናድጄ ነበር፣ እጄ ራሱ ሄደ።» ይህን ስትል ግን ትስቃለች።

ከመሸፈኔ በፊት ጋሽ ደምሴ ሊሰናበቱኝ ገቡ። መጋረጃውን አዩት። ጎንበስ አሉ። አልማዝ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ በልቤ «ሚካኤል ሆይ፣ ድረስልኝ» እላለሁ።

«ይህ ቆብ የኛ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ... እኔ ነኝ?»

ዐይናቸው እንባ ሞላ። «የድሮ ሥዕል ላይ አይቻለሁ» አሉ። «ያሠራው ሰው ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ ይማጠናል። እኔ ምን አደረግሁና? አንድ ግቢ ነው የሰጠሁሽ፤ አንድ ጸጥታ። ለዚህ ብለሽ መቅደስ አገባሽኝ?»

ለሰው ውሸት አልናገርም፤ ያን ቀን ግን እውነቱም ከአፌ አልወጣ አለ። ጋሽ ደምሴ ቤታቸው ሄደው ለመንገዴ ዳቦና የራሳቸውን ጃንጥላ አመጡልኝ። ስልኬንም መለሱልኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ተሸክመው አደረሱኝ፤ «እዚያ የሚጠይቅ ካለ የባቡር ሰው ነው በያቸው» አሉ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ መመለስ

በመንገዱ ላይ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አልከፈትኩትም። የምወርድበትን አላውቀውምና። በደሌ ያቺ ደግ ሴት አሳደረችኝ፤ በቆሎውን ከውስጥ አስደግፌ ተኛሁ። ጎሬ ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ፊቴን ሲነካኝ ቤቴ እንደ ደረስኩ ታወቀኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ መጋረጃውን በጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከላይ ወደ ታች አዩት፤ «እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ» አሉ። ታች ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይህ ሰይጣኑ ነው?»

«አዎ አባ።»

«ደግ ሰው ይመስላል።»

የመጋረጃውን ጠርዝ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ሕዝቡ ያዝንለታል፤ አሮጊቶቹ 'ምን ቢያጠፋ ነው የሚረገጠው?' ይሉኛል። ያሠራው ሰው ነው እንዳልል ሰይፉ ወደሱ ነው። ልጄ፣ ዋዜማው ሳይቆም ቀንድ አድርጊለት። ያለ ቀንድ አይሰቀልም።»

መርፌ ይዤ ቤተ ልሔሙ ጥግ ተቀመጥኩ። ጋቢያቸውን ያለበሱኝን ሰው፣ ሻንጣዬን የተሸከሙልኝን ሰው፣ መጋረጃው ላይ በመውጣታቸው ያለቀሱትን ሰው ቀንድ አበቅልባቸዋለሁ? ደግሞ ቀንድ ካላበቀልኩ ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበት መጋረጃ፣ የእነዚያ ሁሉ ሴቶች እጅ፣ ተጠቅልሎ ሊቀር ነው። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ጥቁር ክር በመርፌዬ አሳለፍኩና ሁለት ቀንድ ሠራሁ፤ የሾሉ፣ ከሩቅ የሚታዩ። አባ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መጋረጃው ተሰቀለ፤ በበዓሉም ሕዝቡ እልል አለ።

ጋሽ ደምሴ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ቆባቸውን ያወልቃሉ። ቀንዶቹን የሰፋኋቸው ራሳቸው ላይ አይደለም፤ ቆቡ ላይ ነው።